በገላው ጥይት ይዞ የኖረው ፕሬዚዴንት

የታላላቅ ሰዎች ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ አብዛኛውን ስፍራ የሚይዘው ያሸነፉት ጦርነት፣ ያወጡት ሕግና የተቀመጡበት ወንበር ነው። ገላቸው ምን ተሸክሞ እንደ ኖረ፣ ሌሊቱንም እንዴት እንዳነጉት የሚጽፍ ጥቂት ነው። በዛሬው እሑድ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ሰው ታሪክ ግን በገላው ውስጥ የቀሩት ሁለት ጥይቶች ካልተነሡ በሚገባ ሊነገር አይችልም። ይህም ሰው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ሰባተኛ ፕሬዚዴንት የነበረው አንድሩ ጃክሰን ነው። መልኩን የማያውቅ ቢኖር የሃያ ዶላሩን የብር ኖት ይመልከት፤ ያ ረጅምና ከሲታ ፊት፣ ያ ወደ ላይ የቆመ ጠጉር የእሱ ነው።

ከሁለቱ ጥይቶች አንዱ በግራ ክንዱ ውስጥ 18 ዓመት ከ4 ወር ያህል ከቆየ በኋላ ወጣ። ሁለተኛው ግን በደረቱ ውስጥ 39 ዓመት ተቀምጦ አብሮት ተቀበረ። አንደኛው ለምን ይህን ያህል ዘገየ? ሁለተኛውስ ለምን ጨርሶ ሳይወጣ ቀረ? መዘግየቱስ ጥበብ ነበረን ወይስ ቸልታ? ይህ ጥያቄ የአንድ ጄኔራል ጉዳይ ብቻ አይደለም። ዛሬም በሐኪም ቤት በየዕለቱ የሚነሣ ስለ ሆነ ታሪኩን ከመጀመሪያው አንሥተን እንከተለዋለን። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ቁስል

አንድሩ ጃክሰን የተወለደው መጋቢት 15 ቀን 1767 ዓ.ም. በሰሜንና በደቡብ ካሮላይና ወሰን አጠገብ ዋክስሆ በተባለ የገጠር ቀበሌ ነው። አባቱ እሱ ከመወለዱ ጥቂት ሳምንታት አስቀድሞ ስለ ሞተ አባቱን ሳያይ አደገ። አሜሪካኖች ከእንግሊዝ ግዛት ለመውጣት በሚዋጉበት ጊዜ ገና ልጅ ሳለ ከሠራዊቱ ጋር መላላክ ጀመረ። በ1781 ዓ.ም.፣ በ14 ዓመቱ፣ ከወንድሙ ከሮበርት ጋር በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን ጫማውን እንዲጠርግለት ባዘዘው ጊዜ ልጁ የጦር ምርኮኛ እንጂ አሽከር አለመሆኑን ገልጾ እንቢ አለ። መኰንኑም በሰይፍ መታው። ልጁ ራሱን ለመከላከል ግራ እጁን ቢያነሣ ሰይፉ እጁን እስከ አጥንቱ ቆርጦ ራሱንም አቈሰለው። የዚህ ሰይፍ ጠባሳ እስከ ዕለተ ሞቱ ከገላው አልጠፋም።

ሁለቱ ወንድማማቾች በእስር ቤት ሳሉ ፈንጣጣ ያዛቸው። እናታቸው ለምና በምርኮኛ ልውውጥ ብታስፈታቸውም ሮበርት ወዲያው ሞተ። እናትዮዋም ቻርልስተን በተባለው ከተማ የታመሙ ምርኮኞችን ልታስታምም ሄዳ በዚያው በበሽታ ሞተች። እንግዲህ ጃክሰን በ14 ዓመቱ አባት፣ እናትና ወንድም የሌለው ልጅ ሆኖ ቀረ። ከዚህ በኋላ በሕይወቱ ሙሉ የታየበት ቍጣና እልከኝነት ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ይህ ልጅነቱ ብዙ ይነግረናል።

ነገር ግን ሐዘኑ አላስቀረውም። ሕግ ተምሮ በ1787 ዓ.ም. የጥብቅና ፈቃድ ተቀበለ። በማግሥቱ ዓመት ናሽቪል ወደተባለችው ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ነበረች የጠረፍ ከተማ ሄደ። በዚያም ራቸል ዶነልሰን የተባለችውን ሴት አገባ። የራቸል የቀድሞ ባሏ ፍቺ በሕግ ሳይፈጸም ጋብቻው በመፈጸሙ በ1794 ዓ.ም. ሥርዐቱን እንደገና ለመድገም ተገደዱ። ይህም ነገር ለጠላቶቹ የዕድሜ ልክ የሐሜት ምንጭ ሆነላቸው። ጃክሰን በ1796 ዓ.ም. ለሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት፣ በማግሥቱም ዓመት ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ተመረጠ። ከዚያም የቴኔሲ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ1802 ዓ.ም. ደግሞ የግዛቲቱ ብሔራዊ ጦር ሜጀር ጄኔራል ሆነ።

ደረቱ ውስጥ የቀረው

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ክብሬ ተነካ የሚል ሰው ነገሩን ወደ ዳኛ ከማቅረብ ይልቅ ባላጋራውን በሽጉጥ እንዲገጥመው ይጠራው ነበር። ሁለቱም ምስክር ይዘው ይመጣሉ፤ ርቀት ተለክቶ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ምልክት ሲሰጥ ይተኵሳሉ። ጃክሰንም ቻርልስ ዲከንሰን ከተባለ ወጣት ጠበቃ ጋር በአንድ የፈረስ እሽቅድድም ውርርድ ተጣላ። ዲከንሰን የራቸልን ስም አንሥቶ ተናግሯል የሚል ወሬም ተጨመረበት። በቴኔሲ እንዲህ ያለው ግጥሚያ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ ወሰን ተሻግረው ወደ ኬንታኪ ሄዱ። ዕለቱም ግንቦት 30 ቀን 1806 ዓ.ም. ነበረ።

ዲከንሰን በተኳሽነቱ በአገሩ የታወቀ ሰው ነው። ጃክሰን ይህን ስለሚያውቅ ፈጥኖ ለመቅደም ከመሞከር ይልቅ ጠላቱ አስቀድሞ እንዲተኵስ ለመተውና ከተረፈ አነጣጥሮ ለመምታት ወሰነ። ሰፊ ካፖርት ለብሶ ስለ ነበረ የከሳ ገላው በልብሱ ውስጥ በትክክል የት እንዳለ ለመለየት አያመችም ነበር። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስምንት እርምጃ ብቻ ነው። ዲከንሰን ተኰሰ፤ ጥይቱም ጃክሰንን ደረቱ ላይ አገኘው። ጃክሰን ግን ከቆመበት ሳይወድቅ ሽጉጡን አነጣጠረ። በመጀመሪያው ስበት የሽጉጡ መምቻ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ፤ እንደገና አቀባብሎ ተኰሰ። ዲከንሰንም በዚያው ዕለት ሞተ። ብዙ ሰዎች ይህን ሁለተኛ ማቀባበል እንደ ግፍ ቈጥረውበታል፤ ስሙም በአገሩ ለጊዜው ጠቈረ።

ጃክሰን መመታቱን ለጠላቱ ላለማሳየት ደሙን ዋጥ አድርጎ ከሜዳው ሄደ። ጫማው በደም መሞላቱ የታወቀው ከሜዳው ከራቁ በኋላ ነበር። ጥይቱ የጐድን አጥንት ሰብሮ ወደ ልቡ ተጠግቶ ተቀምጧል። ሐኪሞቹም ለማውጣት አልደፈሩም። እኛም ዛሬ ስንመለከተው አልተሳሳቱም እንላለን። በዚያን ጊዜ ጥይት የት እንዳለ የሚያሳይ የራጅ መሣሪያ የለም፤ ራጅ የተገኘው በ1895 ዓ.ም. ነው። የሕመም ማደንዘዣም የለም። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ ለቀዶ ጥገና መዋሉ በቦስተን በይፋ የታየው በጥቅምት 16 ቀን 1846 ዓ.ም. ነው። ቁስል የሚያመረቅዘው በዓይን በማይታይ ነፍሳት ምክንያት መሆኑንም የሚያውቅ ሐኪም አልነበረም። በ1806 ዓ.ም. ደረት ከፍቶ ከልብ አጠገብ ጥይት መፈለግ ማለት ሰውየውን መግደል ማለት ነው። እንግዲህ ጥይቱን መተው በዚያ ዘመን የነበረው ብቸኛ ሕክምና ነበረ።

ይሁን እንጂ የተተወ ነገር ሁሉ ያለ ዋጋ አይተውም። ቁስሉ ከላይ ቢደርቅም ከውስጥ መግል እየቋጠረ ሳንባውን ይጎዳው ነበር። ጃክሰን በቀረው ዕድሜው በየጊዜው ሳል ይዞት ደም ይተፋ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ያልቅለታል እስኪባል ይደርስ ነበር።

ክንዱ ውስጥ የቀረው

ከሰባት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ጥይት መጣ። መነሻውም እንደ መጀመሪያው ክብርና ንዴት ነው። በ1813 ዓ.ም. ጃክሰን በሁለት ወጣቶች መካከል በተደረገ የሽጉጥ ግጥሚያ ለአንደኛው ወገን ምስክር ሆኖ ቆመ። በዚያ ግጥሚያ የቆሰለው ጄሲ ቤንተን የተባለው ሰው ነበር። ወንድሙ ቶማስ ሃርት ቤንተን የቅርብ ወዳጁ የነበረው ጃክሰን በዚህ ነገር በመግባቱ ተቈጥቶ ክፉ ቃል አሰማ። ጃክሰንም ቶማስን ባገኘሁት ስፍራ በጅራፍ እገርፈዋለሁ ብሎ ዛተ።

መስከረም 4 ቀን 1813 ዓ.ም. ናሽቪል ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል ተገናኙ። ጃክሰን ሽጉጥ ደግኖ ቶማስን ወደ ኋላ ሲያስኬደው ጄሲ ከጀርባው ተኵሶ የግራ ትከሻውንና ክንዱን መታው። የትከሻው አጥንት ተሰባበረ፤ አንድ ጥይትም ከላይኛው የክንዱ አጥንት ተጠግቶ ቀረ። ደሙ ሁለት ፍራሽ እስኪያርስ ድረስ እንደ ፈሰሰ ይነገራል። የተጠሩት ሐኪሞች አብዛኞቹ ክንዱ ይቈረጥ ብለው መከሩ። በዚያ ዘመን የአጥንት ስብራት ያለበት የጥይት ቁስል ብዙ ጊዜ ተበላሽቶ ስለሚገድል ምክራቸው ከጭካኔ የመጣ አልነበረም። ጃክሰን ግን ክንዱ እንዳይቈረጥ አስጠንቅቆ ከለከለ። እልኩ ክንዱን አተረፈለት፤ ጥይቱንም አብሮ አተረፈለት።

ገና አልጋ ላይ ሳለ በደቡብ በኩል ፎርት ሚምስ የተባለውን ምሽግ ከክሪክ ሕዝብ አንዱ ወገን መትቶ ብዙ ሰው መግደሉ ተሰማ። ጃክሰን አንድ ወር ያህል እንደ ቆየ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጦሩን እየመራ ዘመተ። ስንቅ ይጐድል ነበር፤ ተቅማጥም ያሠቃየው ነበር። ከክንዱም ስብርባሪ አጥንት እየወጣ ሕመሙ ዕረፍት ይነሣው ነበር። በዚህ ሁኔታ ሳለ መጋቢት 27 ቀን 1814 ዓ.ም. ሆርስሹ ቤንድ በተባለው ስፍራ ክሪኮችን ድል አደረገ፤ በዚያ ቀን ከ800 በላይ የክሪክ ተዋጊዎች አለቁ። ጥር 8 ቀን 1815 ዓ.ም. ደግሞ በኒው ኦርሊንስ የእንግሊዝን ጦር ድል መትቶ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተጠራ። ሰላሙ ከሁለት ሳምንት በፊት በአውሮፓ ተፈርሞ እንደ ነበር ያወቀ በጦር ሜዳው ላይ አልነበረም።

ጀግንነቱን የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል እንደ ብረት የጠነከረ ሰው ታሪክ አድርገው ይነግሩታል። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። ጃክሰን ሕመሙን መቻል ስለ ለመደ ሕመሙ የሚለውን መስማት አቆመ። ክንዱ ከዳነና ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ጥይቱ ይውጣ ብሎ የጠየቀበት አንድም ጊዜ የሚታይ አይደለም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለጄኔራሎችም ይሠራል።

በቤተ መንግሥት የተደረገው ቀዶ ጥገና

ጃክሰን በ1824 ዓ.ም. ለፕሬዚዴንትነት ተወዳድሮ ተሸነፈ፤ በ1828 ዓ.ም. አሸነፈ። ነገር ግን በምርጫው ጊዜ የጋብቻዋ ነገር በጋዜጣ ተነሥቶ የተሰደበችው ራቸል ባሏ ቤተ መንግሥት ከመግባቱ በፊት በታኅሣሥ 22 ቀን 1828 ዓ.ም. ሞተች። መጋቢት 4 ቀን 1829 ዓ.ም. መሐላውን የፈጸመው ፕሬዚዴንት ሐዘንተኛና ሕመምተኛ የሆነ የ61 ዓመት ሰው ነበረ። ብዙዎች ዘመኑን አይጨርስም ይሉ ነበር።

በዚህ መካከል አንድ የሚያስደንቅ ነገር ሆኗል። ቶማስ ቤንተን ወደ ሚዙሪ ሄዶ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ሆኖ ነበር። በ1823 ዓ.ም. ጃክሰን ለዚያው ምክር ቤት ተመርጦ ሲመጣ ሁለቱ ባላጋሮች በአንድ አዳራሽ ተገናኙ፤ ታረቁም። ከዚያ ወዲያ ቤንተን ለጃክሰን ከሁሉ የበረታ ደጋፊ ሆነለት። ጥይቱን የተኰሰው ጄሲ ግን እስከ መጨረሻው አልታረቀውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል፤ እዚህ ግን ተረቱ ተገልብጦ የተወጋው ይቅር ሲል የወጋው ቂም ይዞ ቀረ።

በጥር ወር 1832 ዓ.ም. የክንዱ ሕመም በረታ። ጥይቱ በዓመታት ብዛት ከነበረበት ተንቀሳቅሶ ወደ ቆዳው ቀርቦ ነበር። የባሕር ኃይል ሐኪም የነበረው ዶክተር ቶማስ ሃሪስ ከፊላዴልፊያ መጥቶ ጥይቱ ሊወጣ እንደሚችል አስረዳ። ቀዶ ጥገናው የተደረገው በዚያው በፕሬዚዴንቱ መኖሪያ ነው። እንደሚተረከው ጃክሰን እጅጌውን ጠቅልሎ ምርኩዙን አጥብቆ ጨበጠና ሐኪሙ እንዲጀምር ምልክት ሰጠ። ማደንዘዣ የለም። ሐኪሙ ቆዳውን በምላጭ ቀደደ፤ ክንዱን ሲጨምቀውም ጥይቱ ብቅ ብሎ ወጣ። ነገሩ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበረ። ጃክሰንም ሳይውል ሳያድር ወደ ሥራው ተመለሰ። ጥይቱን ለቤንተን ቤተ ሰብ ልመልስ ተብሎ ሲቀልዱ ቶማስ ቤንተን ሃያ ዓመት ያህል ይዞት ስለ ኖረ በይዞታ መብት የጃክሰን ንብረት ሆኗል አለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

በዚያው ዓመት ፕሬዚዴንቱ በሐምሌ የታላቁን ባንክ ዕድሜ ለማራዘም የወጣውን ሕግ ሻረ፤ በኅዳር ለሁለተኛ ጊዜ ተመረጠ፤ በታኅሣሥ ደግሞ የማዕከላዊውን መንግሥት የቀረጥ ሕግ አልቀበልም ያለችውን ደቡብ ካሮላይናን በአዋጅ ገሠጸ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጤናው እንደ ተሻሻለ በጊዜው የነበሩ ሰዎች ተናግረዋል። እንግዲህ ለ18 ዓመት ያሠቃየው ነገር በጥቂት ደቂቃ ተወገደ። እውነት ነው፤ በ1813 ዓ.ም. ጥይቱ ከአጥንቱ ሥር ሳለ ማውጣት አደገኛ ነበረ። ወደ ቆዳው ከቀረበ በኋላስ? ማንም ቀን ቈጥሮ ስላልተከታተለው መጠበቅ የሚገባው ጊዜ መቼ እንዳለቀ ማንም ሳያውቅ አለፈ።

እርሳሱ ምን ይሠራ ነበር?

የዚያ ዘመን ጥይት ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ድቡልቡል ነበር። እርሳስ ሥጋ ውስጥ ሲቀመጥ ብዙ ጊዜ ገላ በዙሪያው ጠባሳ ሠርቶ እንደ ግንብ ያጥረዋል፤ ያን ጊዜ ጉዳቱ ያንሳል። የአጥንት መጋጠሚያ ውስጥ ሲገባ ግን የመጋጠሚያው ፈሳሽ ቀስ በቀስ እያሟሟው ወደ ደም ይገባል። እርሳስ በደም ሲበዛ የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ያመጣል፤ ራስ ያሳምማል፤ የእጅን ጉልበት ያደክማል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ጃክሰን በሕይወቱ ሙሉ የሆድ ሕመምና የራስ ምታት ሲያሠቃየው ኖሯል።

ነገሩን የሚያከፋው ደግሞ መድኃኒቱ ነው። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ካሎሜል የተባለ ከባዜቃ የሚሠራ መድኃኒት ያዝዙ ነበር። የእርሳስ ስኳር የሚባለውንም ከእርሳስ የሚሠራ ነጭ ጨው ይሰጡ ነበር። ጃክሰን ሁለቱንም ወስዷል። ደሙንም እያስፈሰሰ ይታከም ነበር። ከውስጥ እርሳስ እያለው ከውጭም እርሳስ ይጨመርለት ነበር ማለት ነው።

በ1999 ዓ.ም. የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት ከጃክሰን ራስ በሁለት ጊዜ የተቈረጠ ጠጉር መመርመሩን ገለጸ። አንደኛው ጠጉር የ1815 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የ1839 ዓ.ም. ነበረ። በሁለቱም ውስጥ ከልክ ያለፈ እርሳስ ተገኘ። ነገር ግን ጥይቱ በክንዱ ውስጥ ሳለ ከተቈረጠው ጠጉር ይልቅ ጥይቱ ከወጣ በኋላ በተቈረጠው ጠጉር ያለው እርሳስ በጣም ያነሰ ነበር። ባዜቃው ግን ለሞት የሚያበቃ አልነበረም። ተመራማሪዎቹም ጃክሰን በእርሳስ መመረዝ ሳይታመም አልቀረም፤ የሞተው ግን በእሱ አይደለም ወደሚል ሐሳብ ደረሱ። የዶክተር ሃሪስ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ምን እንዳደረገ 167 ዓመት ቆይቶ ጠጉር መሰከረ።

የራሱን ሕመም የቻለ ሰው

ስለ ጃክሰን የሚጽፍ ሰው ሕመሙን ብቻ አንሥቶ ቢያበቃ አንባቢን ያሳስታል። ይህ ሰው የራሱን ሥቃይ በትዕግሥት የተሸከመውን ያህል በሌላው ላይ ሥቃይ ለመጫን አልተሳቀቀም። ሄርሚቴጅ በተባለው እርሻው ላይ በሞተበት ጊዜ 150 ያህል ጥቁር ባሮች ነበሩት። ግንቦት 28 ቀን 1830 ዓ.ም. በፈረመው ሕግ መሠረት የአገሩ ነባር ተወላጆች ከአያት ቅድመ አያት መሬታቸው ተነሥተው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ በ1838 እና በ1839 ዓ.ም. የቸሮኪ ሕዝብ በወታደር ታጅቦ ሲነዳ በብርድ፣ በረኀብና በበሽታ ወደ 4000 የሚጠጋ ሰው እንደ ሞተ በብዙዎች ይገመታል። የሃያ ዶላሩን ኖት ሲያዩ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሜሪካውያን ያሉት ስለዚህ ነው። ከአንድ ሰው ክንድ እርሳስ በምላጭ ይወጣል፤ ከአንድ ሕዝብ ልብ ግን እንዲህ ያለው ነገር በቀላሉ አይወጣም።

ጃክሰን በ1837 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርዶ ወደ እርሻው ተመለሰ። ደረቱ ውስጥ ያለው ጥይት ግን አልተመለሰም፤ ሳሉና ደሙ አልቀረም። በመጨረሻም ገላው እያበጠ፣ ትንፋሽ እያጠረው ሰኔ 8 ቀን 1845 ዓ.ም. በ78 ዓመቱ ሞተ፤ ከራቸል መቃብር አጠገብም ተቀበረ። ማደንዘዣ በቦስተን የታየው ከዚህ ከ16 ወር በኋላ ነው።

መቸኰልና መዘግየት

ከዚህ ታሪክ ጥይት ሁሉ ቶሎ ይውጣ የሚል ትምህርት የሚወስድ አንባቢ ቢኖር የሌላውን ፕሬዚዴንት ዕድል ይመልከት። ጄምስ ጋርፊልድ ሐምሌ 2 ቀን 1881 ዓ.ም. በዋሽንግተን የባቡር ጣቢያ በጥይት ተመታ። ሐኪሞቹ ጥይቱን ለማግኘት ያልታጠበ ጣታቸውንና መሣሪያቸውን ወደ ቁስሉ እየደጋገሙ ሰደዱ። የስልክ ፈልሳፊ የሆነው አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በኤሌክትሪክ መሣሪያ ፈልጎ አጣው። ቁስሉ መግል ሞልቶ ፕሬዚዴንቱ መስከረም 19 ቀን ሞተ። ሬሳው ሲመረመር ጥይቱ ብቻውን ለመግደል በማያበቃ ስፍራ ገላ አጥሮት ተቀምጦ ተገኘ። ከዚያም ወዲህ በ1912 ዓ.ም. ቴዎዶር ሮዝቬልት ሚልዎኪ ላይ ደረቱን በተመታ ጊዜ ሐኪሞች በራጅ አይተው ጥይቱ ይቅር ብለው ወሰኑ፤ እሱም ጥይቱን ይዞ ከስድስት ዓመት በላይ ኖረ። ጋርፊልድን የጐዳው ችኰላና የቆሸሸ እጅ ነው፤ ሮዝቬልትን የጠቀመው አይቶ መወሰን ነው።

የዛሬው ሕክምና መንገድም ይህ ነው። ጥይት ሥጋ ውስጥ ጸጥ ብሎ ከተቀመጠና ለማውጣት መቅደዱ የበለጠ ከጐዳ ይተዋል። መጋጠሚያ ውስጥ ከገባ፣ ካመረቀዘ፣ ወይም በደም ምርመራ እርሳሱ ሲጨምር ከታየ ይወጣል። ሐኪም ራሱ በገላችን ውስጥ ስለሚያስገባው ነገርም ደንቡ ተመሳሳይ ነው። የተሰበረ አጥንት የሚይዝ ብረት ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሽንት መውረጃ ትሆን ዘንድ የምትገባው ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ግን በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ መውጣት ወይም መለወጥ አለባት። ሕመሙ ስለ ቀረለት ብቻ ቀጠሮውን የረሳ ሰው ቱቦዋ ጠጠር እየለበሰች ደንድና ኩላሊቱን እስከ ማጥፋት ልታደርሰው ትችላለች። ሽንት ለመቅዳት ፊኛ ውስጥ የሚገባውም ቱቦ ያለ ምክንያት በዋለ ባደረ ቍጥር ቁስለትና ትኵሳት የማምጣቱ አደጋ ይጨምራል።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዎቻችን ሆይ፣ እናንተ ወይም ዘመዳችሁ ከሐኪም ቤት ስትወጡ ሦስት ነገር ሳትጠይቁ አትውጡ እንላለን። በገላዬ ውስጥ የቀረ ነገር ምንድን ነው? የሚወጣ ነውን ወይስ የሚቀር? የሚወጣ ከሆነ በየትኛው ቀን ነው? መልሱንም በልብ ብቻ አትያዙት፤ ጻፉት፤ ለቤተ ሰብም ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

ጃክሰን ደረቱ ውስጥ ያለውን ጥይት በመተው አልተሳሳተም፤ ሌላ መንገድ አልነበረውም። ክንዱ ውስጥ ያለውን ግን እንደ ተወው ሳይሆን እንደ ረሳው አድርጎ ኖረ። አስቦ መተውና ረስቶ መተው ከሩቅ ለሚያያቸው አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነታቸውን የሚያውቀው ግን የተሸከማቸው ገላ ነው።